ከሕያዋን ጋር የሚጠራ ስም

አንኮበር፣ ኅዳር 27 ቀን 1881 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ወንድም ለአባ ወልደሩፋኤል፣ በቅድስት አገር በኢየሩሳሌም። የጌታ መቃብር በረከት፣ የእመቤታችን ጥበቃ አይለይዎ። እኔ አማችዎ መርጌታ ገብረጻድቅ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍም፤ ለመነኩሴ አይዋሽም።

ከብቱ አለቀ። ከቆላ የመጣ በሽታ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ዓይናቸው ያነባል፣ ከዚያ አፍንጫቸው ይዝረከረካል፣ ከዚያ ይወድቃሉ። በመስከረም የነበሩኝ በሬዎች በጥቅምት አልነበሩም። ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ደርሼ ስመለስ ሜዳውን ሙሉ የቆመ በሬ አላየሁም። የወደቀውን የሚያነሣ ሰው ስለጠፋ አሞራው እንኳ ጠግቦ ተቀምጧል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ የአሊዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ በሽር ነው። ያውቁታል፤ እርስዎ ወደዚያ ሲሄዱ እስከ ዘይላ የሸኘዎ እሱ ነበር። ትናንት ወርጄ ሳገኘው የሱም ላሞች አልቀዋል። «መርጌታ» አለኝ፣ «እናንተ ቆማችሁ ለመናችሁ፤ እኛ በግንባራችን ተደፍተን ለመንን። በሽታው ግን የማን ላም ናት ብሎ አልጠየቀም።» «ታዲያ ምን ይሻላል?» ስለው «እናንተ ትንሽ ተደፉ፣ እኛ ትንሽ እንቁም» ብሎ ሳቀ። የሳቀው ጥርሱ ብቻ ነው።

የጻፍሁት ግን ስለ ከብት አይደለም። ይመኙሻል ታማለች። ከመስቀል ወዲህ ትኩሳቱ ከላይዋ አልወረደም። ደረቷን ያፍናታል፣ እህል አልወርድላት ብሏል። ቤተ ክርስቲያን ለመውጣት ዳገቱን ጀምራ ከመንገድ የተመለሰችው በሕዳር ጽዮን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከደጅ አልወጣችም።

እኔ እንደሚያውቁኝ ነኝ። ልጆች ዳዊት ሲደግሙ አንድ ፊደል ቢጎድል ከሩቅ ሰምቼ እቆጣለሁ። ለሷም ስጸልይ አንዲት ቃል አላጎድልም። ከጨረስሁ በኋላ ግን ምንም እንዳላልሁ ይሰማኛል። ስለዚህ እርስዎ ይጸልዩላት። በቅዳሴ ላይ ለሕያዋን በሚለመንበት ቦታ በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ብለው ይጥሯት። እግዚአብሔር እዚያ ቅርብ ነው ይባላል። እንዲሰማዎት ያድርጉ።

«ለወንድምሽ ምን ልበልልሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ቆሞ ነው የሚጸልየው ወይስ እንደ ልጅነቱ ግድግዳ ይደገፋል በለው» አለች። ልትስቅ ስትል ሳሉ ያዛት።

አማችዎ ገብረጻድቅ


ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 2 ቀን 1881 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመርጌታ ገብረጻድቅ። በጎልጎታ የፈሰሰው ደም ቤትህን ይሸፍን። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በጾሙ መካከል ነው። በማግስቱ ጠዋት ወለተ ሥላሴን ከሕያዋን ጋር ጠርቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሴ አላለፋትም።

ለሷ እንዲህ በላት። ግድግዳ መደገፍ ትቻለሁ፤ አሁን የምደገፈው መቋሚያ ነው። እሱም ያው ግድግዳ ነው ካለች ትነሣና ትከራከረኝ። እናታችን ታንጉት ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ አሰልፋ ታቆመን ነበር። ያን የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀዋለህ። እኔ ግድግዳ ስደገፍ ይመኙሻል እንደቆመች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። እናታችን በቅል ውሃ ትረጫትና «እግዜር የተኛ ሰው ጋ አይመጣም» ትላታለች። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ «ታዲያ ሌላ ቤት ደርሶ ይምጣ» አለቻት። ለዚያች ቃል ሁለታችንም ተገረፍን፤ እኔ ስለሳቅሁ።

አሁን የማልወደውን ልንገርህ። «እንዲሰማዎት ያድርጉ» ብለሃል። አንተ መምህር ነህ፤ ይህን ተማሪህ ቢጽፈው ምን ትለው ነበር? እግዚአብሔር እዚህ ቅርብ፣ አንኮበር ሩቅ አይደለም። እዚህ ቦታው ቅዱስ ነው፤ ጸሎቱ ግን እዚያ እንደነበረው ከባድ ነው። በሰገነታችን ላይ ጎን ለጎን የምንቆም መነኮሳት አፋችን ሲያዜም ልባችን ወጥ ቤት የሚሄድበት ቀን ብዙ ነው። እኔ እሱን የማሰማበት ልዩ ቀንድ የለኝም። ስሟን ይዤ እቆማለሁ፤ የምችለው ይህን ነው።

ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። የሕያው ስም ከሕያዋን ጋር ይጠራል፣ የሙት ስም ከሙታን ጋር። እስከ ዛሬ ያለ ቦታው የጠራሁት ስም የለም። በመካከላችን ብዙ ወራት የሚፈጅ መንገድ ስላለ፣ ስለሷ ያለውን እውነት ሳታዘገይ ጻፍልኝ። ባሕሩ ያዘገየው ይበቃል።

ከመቃብሩ አጠገብ የተዘገነ አፈር ልኬላታለሁ።

ወንድምህ አባ ወልደሩፋኤል


አንኮበር፣ ሐምሌ 14 ቀን 1881 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ወልደሩፋኤል። ቅዱሳን መላእክት በቆሙበት ይቁሙልዎ።

ደብዳቤዎና አፈሩ በሰኔ መጨረሻ ደረሱኝ። አፈሩን በነጭ ጨርቅ ቋጥሬ ከራስጌ አኑሬዋለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ መልካም ነው። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ሰማዩ ይሰጣል፣ መሬቱ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ በመካከል የሚያርስ በሬ የለም። ሰው በዶማ ይቆፍራል። ባልና ሚስት ቀንበር ተሸክመው ሲጎትቱ አይቻለሁ፤ እርፉን የያዘው የባልየው አባት ነበር። እኔም ቆፍሬ መዳፌ ተልጧልና ጽሕፈቴ ቢከፋ አይፍረዱብኝ። ደህና ዘር የነበረው ሰው ዘሩን በላው። ለመጪው ዓመት የሚያስብ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

ስለ ይመኙሻል ጠይቀዋል። ከጻፍሁልዎ ወዲህ አልባሰባትም። ስሟን መጥራት እንዳያቋርጡ እለምንዎታለሁ። ቢቻልዎ በማታው ጸሎትም ይጨምሯት።

ከተማሪዎቼ አንዱ ጠይቆኝ መልስ ያጣሁለት ነገር አለ። ሰው ለታመመ ሰው ሲለምን፣ ልመናው ገና ሳይደርስ ነገሩ ቢያልቅ፣ ያ ጸሎት ወዴት ይሄዳል? እንደ ወደቀ ፍሬ ይበሰብሳል ወይስ የሚያነሣው አለ? እርስዎ የሚያስቡትን ይጻፉልኝ።

ገብረጻድቅ


ኢየሩሳሌም፣ ጥር 5 ቀን 1882 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለገብረጻድቅ። የተወለደው ጌታ ሰላሙን ይስጥህ።

ደብዳቤህ በልደት ዋዜማ ገባልኝ። «አልባሰባትም» የሚለውን ሳነብ እዚያው ቆሜ አለቀስሁ። በበዓሉ ጉልበቴ እያመመኝ ከወጣቶቹ ጋር ወረብ ወረብሁ። አበምኔቱ «አባ፣ ምን አገኙ?» ቢሉኝ «እህቴ ልትድን ነው» አልኋቸው።

ለተማሪህ እንዲህ ብለህ መልስ። ልጁ ብልህ ነው፣ ወይም አዝኗል። ጸሎት ለእግዚአብሔር ወሬ መንገር ቢሆን ኖሮ የዘገየ ወሬ ዋጋ የለውም ነበር። እሱ ግን ሳንነግረው ያውቃል። በወጣትነቴ ጸሎት መለመን ይመስለኝ ነበር፤ መነኩሴ ስሆን ደግሞ ሥርዓት መጠበቅ መሰለኝ። አሁን፣ ጥርሴ ካለቀ በኋላ፣ ሌላ ይመስለኛል። ሰው የሆነውን ሁሉ ሳይሸፍን በፊቱ መገኘት ነው። ልመናውም ሥርዓቱም ሰውየውን ወደዚያ የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው። ልመናው ቢያልፍበት እንኳ የቆመው ሰው አላለፈበትም። ይህ መልስ ካልበቃው እኔም ከዚህ የበለጠ የለኝም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደስታዬ ሲበርድ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብሁት። ስለ በሬና ስለ ዶማ ገጽ ሞላህ፣ ስለ እህቴ ግን ሁለት መስመር። ትበላለች? ቆማ ትሄዳለች? ዳገቱን ትወጣለች? ባለፈው የላክህልኝ ቃሏ ነበር ይመኙሻልን ያመጣልኝ። አሁንም ያለችውን እንዳለችው ጻፍልኝ። ስድብም ይሁን።

አባ ወልደሩፋኤል


አንኮበር፣ ጥር 28 ቀን 1882 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ወልደሩፋኤል። ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ።

መልስዎን ገና አላገኘሁም። ሐጂ በሽር ነገ ሰው ስለሚልክ ይህን አስቀደምሁ።

እዚህ የሚጻፍ ደግ ነገር የለም። ጅብ በቀን ከሰፈር ይገባል፤ ልጆች እንኳ አይሸሹትም፣ አቅሙ የላቸውም። ከተማሪዎቼ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ቀድሞ ለቤተ ክርስቲያናችን ዕጣንና ዘቢብ እንዲልኩ ልለምንዎ አስቤ ነበር፤ ተውሁት። እህልም ብርም አያስቡ። ምንም አይላኩ።

ይመኙሻል ዝም ብላለች። እኔም አላስቸግራትም።

የምለምንዎ ስሟን ብቻ ነው። እዚያው፣ እስከ ዛሬ በሚጠሩበት ቦታ።

ገብረጻድቅ


ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1882 ዓ.ም.

ለገብረጻድቅ።

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከተረፈኝ።

ለትንሣኤ ከደብረ ብርሃን አንድ ተሳላሚ መጣ። ወልደ ሰንበት ይባላል፤ የእናቴ ጎረቤት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ አቅርቤለት የአገሬን ወሬ ጠየቅሁት። «እናትዎ እሜቴ ታንጉት በርትተዋል» አለኝ፤ «የልጃቸው ሐዘን ጎበጥ አደረጋቸው እንጂ።»

«የየትኛው ልጃቸው?» አልሁት።

ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። «ስንት ልጅ አላቸው አባ?»

«እኔና ይመኙሻል ነን።»

«እንግዲያ» አለ። ዳቦውንም ሳይበላ አስቀመጠው።

ከጥቂት ሰዓት በፊት ከሕያዋን ጋር ጠርቻት ነበር፣ ገብረጻድቅ። በዚያው ሳምንት የጥር ደብዳቤህ ገባ። «ዝም ብላለች» ይላል። አንተ ሰው! ቃል እየመረጥህ ጽፈህልኛል። «አልባሰባትም» ስትልም መርጠሃል። እኔ ያን ይዤ በልደት ጨፈርሁ። ለሞተች እህቴ አጨበጨብሁ። ከዓመት በላይ መሠዊያው ፊት ሐሰት አስነገርኸኝ፤ ያስነገረኝ ደግሞ የተማረ፣ ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በሰው ስህተት የሚቆጣ ሰው ነው።

ፍትሐቷ ተደርጓል? አርባዋ ወጥቷል? ሙት ዓመቷስ? ወልደ ሰንበት «ተዝካር ሲወጣ አልሰማንም፤ እናትየዋም በዚህ ከመርጌታው ተጣልተዋል» ብሎኛል። ለድሃው ሁሉ የምትቆም አንተ ለሚስትህ እንዴት አልቆምህም?

የሰው ስም በመንገደኛ ወሬ ከሕያዋን ወደ ሙታን አላዛውርም። ባሏ ነህ። በገዛ እጅህ፣ ቃል ሳትመርጥ፣ ሞታለች ብለህ ጻፍልኝ። ያን ጊዜ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ።

ሰላምታው አልተረፈኝም።

ወልደሩፋኤል


አንኮበር፣ ጥቅምት 9 ቀን 1883 ዓ.ም.

ለወልደሩፋኤል።

እርስዎ ማለቱን ለዛሬ ትቼዋለሁ። ቆብ ሳትደፋ በፊት አንድ መምህር ዘንድ አብረን ተምረናል፣ ለምነን ያመጣናትን ቁራሽ ተካፍለናል። የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው።

ተቆጥተሃል፤ ተቆጣ። እኔ ከአንተ ቀድሜ ጀምሬያለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ በኅዳር ለሐጂ በሽር ሰጠሁት። ሲራራው ግን ግመል እየጠበቀ አሊዩ አምባ ቆየ። ያ ነገር ሆነ። ከቀብር በኋላ ቁልቁለቱን ወረድሁ። ደብዳቤውን መልሼ ልወስድ ነበር የወረድሁት። ሐጂው ፊቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። «ኢናሊላሂ» አለ፤ አፌን ሳልከፍት።

«ደብዳቤዬ አለ ወይ?» አልሁት።

«አለ። ነገ ይነሣሉ። ላውጣልህ?» ብሎ የከረጢቱን አፍ ፈታ።

ወረቀቱን አየሁት። በሱ ውስጥ ገና ትስላለች፤ ገና ትቀልድብሃለች። «ተወው» አልሁ።

«መርጌታ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ልመና ለታመመች ሴት ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ነው።»

«ታዲያ አሁን?»

«ይሂድ አልሁህ እኮ!»

ጮኼበት ነበር። እሱ አልተቀየመም። ከረጢቱን መልሶ አሰረና «አላህ ያዘነ ሰው የሚለውን አይመረምርም፤ እኔም አልመረምርም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዬን ሲቀበለኝ ዓይኔን አያይም።

ፍትሐት ተደርጓል ወይ ትለኛለህ። ተደርጓል። የፈታት ቄስ ገብረአብ ነው። ለዚህ ደብር ሬሳ ሁሉ የሚያዜመው የኔ ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ምሰሶ ቆሜያለሁ። ቄስ ገብረአብ ከስሟ ሲደርስ እንደ ሥርዓቱ ወደኔ ዞሮ «ስመ ክርስትናዋ?» አለኝ። ያውቃል፤ የንስሐ አባቷ ነው። ሥርዓት ስለሆነ ጠየቀ። አፌ እንቢ አለኝ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ ሌሎች ሬሳዎች ከኋላ ተራ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ደመቀች ከሴቶቹ መካከል «ወለተ ሥላሴ ናት፤ ምን ታስጠብቋታላችሁ?» ብላ ጮኸች። በሰው አፍ ተሸኘች።

አርባዋን አላወጣሁም። እህል የለኝም አልሁ። እውነት ነው፣ አልነበረኝም። ነገር ግን ጎተራዬ ሙሉ ቢሆንም አላወጣም ነበር። ተዝካር ማለት ሰው ተሰብስቦ፣ በልቶ፣ «በቃ ሄደች» ብሎ የሚበተንበት ቀን ነው። እኔ በቃ አላልሁም። እዚህ በየጎጆው በቃ ተብሎላታል። እናትህ አልቅሳ ወጥቶላታል። ከዓለም ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ በዚያ ሰገነት ላይ ከሚበሉና ከሚተኙ ሰዎች ጋር ስሟ የሚጠራበት። ያን በር በገዛ እጄ እንድዘጋው ነው የምትለኝ?

ሳትሸፍን ቁም ብለህ መክረኸኛል። ለተማሪ ብለህ የጻፍኸው ለኔ እንደነበር አሁን ታውቃለህ። ሳልሸፍን ብቆም ከአፌ የሚወጣው ስድብ ነው። ከመስቀል እስከ ታኅሣሥ ለመንሁት፤ ማህሌቱን ቆምሁ፣ ሰዓታቱን ቆምሁ፣ ጾምሁ። የሰጠኝን አየህ። አሁን ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ፣ ልጆቹን አስተምራለሁ፣ ዜማው ከአፌ ይወጣል። እኔ ግን እዚያ የለሁም። ከፈጣሪው የተጣላ ሰው የትኛውን ጸሎት ያድርስ? አንተ ያለኸው መቃብሩ አጠገብ ነው፤ ጠይቅልኝ።

ገብረጻድቅ


ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 17 ቀን 1883 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለገብረጻድቅ። ሰላም ላንተ ይሁን። ባለፈው የከለከልሁህንም አብሬ ልኬዋለሁ።

ቁጣዬን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ የሆንሁትን ልንገርህ። ካለፈው ትንሣኤ ወዲህ እህቴን የትም አልጠራኋትም። ለሕያዋን ከሚለመንበት ስደርስ አፌን እዘጋለሁ። ለሙታን ከሚለመንበት ስደርስም አፌን እዘጋለሁ። አብሮኝ የሚቀድሰው ዲያቆን ረሳህ ወይ በሚል ዓይን ያየኛል። አልረሳሁም። አንተ አንድ ቦታ እንድትቀርልህ ብለህ ነበር፤ አሁን በአንዱም የለችም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ሕጌን ብዬ። አንተም ነህ።

ያ ሁሉ የለመንሁላት ጠፍቷል ብዬ አላምንም። ለመዳኗ ለመንሁ፤ እሷ ከመዳንና ከመታመም ወዲያ ነበረች። ጌታ የሚሻላትን ሰጥቷታል ብዬ እተወዋለሁ። መቃብሩን ጠይቅልኝ ላልኸው ግን፣ ጠይቄያለሁ። መልስ አልመጣም። እዚህ ለምን ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ባዶ መቃብር ነው የሚያሳዩት፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ እንደ እምነቱ ይመለሳል።

ስድብህን ይዘህ ቁም። ያለህ እሱ ከሆነ እሱን አቅርብ። ከተጣላኸው ሰው ጋር ዝም ብለህ ብትበላ አልታረቅህም፤ ብትናገረው ግን ገና ሰውህ ነው። የተዘጋጀ ጸሎት ላንተ አልፈልግልህም፤ የማታውቀው የለም።

እኔን የከፋኝ ሌላ ነው፤ በደብዳቤዬ ሥርዓት ብዬ የጮህሁት ይህን ለመናገር አፍሬ ነው። ብቻህን አዘንህ። እህቴ ነበረች፤ አላካፈልኸኝም። እናቴ ስታለቅስ እኔ እዚህ ሳቅሁ። ሁለት ዓመት አልፎ እኔ ገና አላለቀስሁም፤ ለማን እንደማለቅስ የነገረኝ መንገደኛ ብቻ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤህ እንኳ ቀብሯን ጻፍህ፣ ቄሱን ጻፍህ፣ ሐጂውን ጻፍህ፤ ዙሪያዋን ዞርህ እንጂ እሷ ጋ አልደረስህም። «ያ ነገር» አልኻት።

እባክህ ወንድሜ። አንድ መስመር ጻፍልኝ። እኔም ልቅበራት።

አባ ወልደሩፋኤል


አንኮበር፣ ነሐሴ 24 ቀን 1883 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴና ለወንድሜ ለአባ ወልደሩፋኤል። ጌታ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ጉልበትዎንም ይጠግንልዎ።

ደብዳቤዎ በሐምሌ ደረሰኝ። አንብቤ አስቀመጥሁት። መልስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ፤ ቀለሙ በብዕሩ ላይ ይደርቅብኝ ነበር።

በፍልሰታ ፍቺ ማግስት እናትዎ እሜቴ ታንጉት መጡ። ከደብረ ብርሃን እስከዚህ ያን ጭቃ በእግራቸው። ወልደ ሰንበት ከዚያ ተመልሶ እርስዎ እንዴት እንደሆኑ ነግሯቸዋል። በሩ ላይ ቆመው፣ ውሃው ከቀሚሳቸው እየተንጠባጠበ፣ አልገባም አሉ።

«ገብረጻድቅ፣ ልጄን የት አደረግሃት?»

«እሜቴ፣ ያውቁት የለም ወይ።»

«እኔማ አውቃለሁ። አንተ ታውቃለህ ወይ ነው የምልህ።»

ከበሩ ዞር አልሁላቸው፤ አልገቡም።

«ለሰው ሬሳ ስታዜም ድምፅህ ተራራ ያሻግራል ይሉኛል። ለኔ ልጅ ጊዜ ምን ዋጠው? ወንዱን ልጄን ደግሞ ባሕር ማዶ አፉን ዘጋህብኝ። ሁለት ነበሩኝ፤ ሁለቱንም አንተ ይዘህብኛል።»

«በምን ላውጣላት እሜቴ? እህል የለኝም።»

«እህሉን እግዜር ይበላዋል? ሳማም የለ?»

ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ሳማ ሊለቅሙ ሄዱ። እኔ እንደ ደንቆሮ ቆሜ አየኋቸው፤ ኋላ ሄጄ አብሬ ለቀምሁ። ለበለበኝ። «በደንብ ያዘው፤ ለስልሰህ ስትነካው ነው የሚለበልብህ» አሉኝ። ደመቀች አይታ መጣች፤ የተረፉት ሴቶችም አንዳንድ እፍኝ ይዘው መጡ። ጨው ያመጣችው ደመቀች ናት። ከየት እንዳገኘችው አልጠየቅናትም። «መርጌታ ዘንድሮ ደግሰዋል፤ ጠላው የት አለ?» ስትል ሴቶቹ ሳቁ፤ እሜቴም ሳቁ። በዚህ ቤት ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ሳማው በትልቁ ድስት ተቀቀለ።

ቄስ ገብረአብ መጣ። ጠውልጎ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ፍትሐቱን ጀመርን። ከስሟ ስንደርስ ቄሱ ወደኔ አልዞረም፤ ያን ጊዜ ያየውን አይቷልና አፈረልኝ። ራሱ ሊላት አፉን ሲከፍት እጄን አነሣሁ፤ ተወልኝ አልሁት። «አመትከ ወለተ ሥላሴ» አልሁ። ያችን ብዬ ዜማው ጠፋኝ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ጠፋኝ፣ የልጅ ትምህርት የሆነው። አገልጋይህ ወለተ ሥላሴ፣ አገልጋይህ ወለተ ሥላሴ እያልሁ ቀረሁ። ለምን ወሰድሃትም አልሁት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአማርኛ። ቄስ ገብረአብ አላቋረጠኝም። እናትዎ ከኋላዬ «በል ቀጥል» አሉኝ። ቀጠልሁ። ጨረስን። የቀረበውን ሰው ሁሉ ቀመሰ፤ ነፍስ ይማር ተባለ።

ታርቄያለሁ ብዬ አልጽፍልዎም። ነገር ግን ያን ቀን እዚያ ነበርሁ።

እሜቴ እዚሁ ናቸው። ክረምቱ እስኪወጣ አይሄዱም። ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን «ጻፍኸው?» እያሉ ይጠይቁኛል። አሁን እጽፈዋለሁ።

ይመኙሻል፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1881 ዓ.ም. ሐሙስ ጠዋት ሞታለች። እጇን ይዤ ነበር። ባሏ ገብረጻድቅ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

እርስዎም ይቅበሯት።